ሁረምን ለቀቅ፣ ሱሌይማንን ጠበቅ!

ሰሞኑን ለጉልበቴ ፍል ውሃ ፍለጋ ሶደሬ ወርጄ ነበር። ከአዳማ (የድሮ ሰው አሁንም ናዝሬት ነው የሚላት) ተነሥቶ መልካሳን አልፎ አዋሽ ዳር የሚደርስ ሰው ሐሳቡ ሁሉ መዘፍዘፍ ብቻ ነው። ውሃው እንደ ድሮው ይፋጃል፤ ጦጣዎቹም እንደ ድሮው ሙዝ ከእጅ ይነጥቃሉ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን ውሃውም ጦጣውም አይደለም። ባረፍኩበት ዘመድ ቤት፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ሲሰጥ የሰማሁት ፍርድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘመዴ ልጅ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመልሳለች። ዓረብኛውን አቀላጥፋ ትናገራለች። እዚያ እያለች ከአሠሪዎቿ ቤት ያየችውን የቱርክ ድራማ፣ ዓረቦቹ «ሐሪም አል ሱልጣን» የሚሉትን፣ ከስልኳ ወደ ቴሌቪዥኑ እያስተላለፈች፣ በየመሐሉ እያቆመች ለቤተሰቡ ትተረጉማለች። እናቷ፣ ሁለት ወንድሞቿ፣ አንድ ጡረተኛ ጎረቤትና እኔ ቡናው እየተቀዳ የኦቶማኑን ሱልጣን የሱሌይማንን ጓዳ ስንሰልል እናመሻለን። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በቱርክ የታየ፣ 139 ክፍል ያለው ሥራ ነው። ስፋቱ አንድ ክረምት ያስከርማል!

በሁለተኛው ማታ ልዑል ሙስጠፋ የሚሞትበት ክፍል ደረሰ። ሙስጠፋ በሕይወት ካሉት የሱልጣኑ ወንዶች ልጆች ታላቁ ነው፤ የ38 ዓመት ጎልማሳ፣ ወታደሩ የሚወደው፣ አገር ያስተዳደረ። አባቱ ወደ ፋርስ ሲዘምት ሠፈሩ ድረስ አስጠራው። «አትሂድ፣ ወጥመድ ነው» ብለው የለመኑት ነበሩ። ሄደ። መሣሪያውን ፈትቶ ወደ አባቱ ድንኳን ገባ። ሰባት ተብሎ የማይቆጠር ጊዜ «አባቴ!» ብሎ በገመድ ታነቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። ዘመዴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ፍርዷን ሰጠች፦

«እሳት ይብላት! ይቺ ሁረም! ልጁን አስበላችው እኮ!»

«ሩስተም ፓሻም አለበት፤ ደብዳቤውን ያስመሰለው እሱ ነው» አለ አንደኛው ልጅ።

«ሱልጣኑስ?» አልኩ እኔ።

«ሱልጣኑማ ምን ያድርግ ጋሼ? አታለሉት እኮ! እሱ ነው ያዘዘው፣ ግን...»

አንባቢ ሆይ! ይቺን «ግን» የምትለዋን ቃል እዚህ ላይ ያዝልኝ። ጽሑፌ በሙሉ ስለዚች «ግን» ነው።

ገመዱን ማን አዘዘ?

እስቲ እንደ ችሎት እንቀመጥና መዝገቡን እንግለጥ። ሙስጠፋ የተገደለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1553 ኤሬግሊ አጠገብ ነው። የተገደለው በሁረም እልፍኝ አይደለም፤ በአባቱ ድንኳን ነው። ገዳዮቹ የሁረም ደንገጡሮች አይደሉም፤ የሱልጣኑ ዲዳ አናቂዎች ናቸው። ሁረም በዚያ ድንኳን አልነበረችም። ከወሬው ጥቂት ቆይቶ ኢስታንቡል የገባው የአውሮፓ አምባሳደር ቡስቤክ እንደ ጻፈው ደግሞ ሱልጣኑ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይመለከት ነበር፤ አናቂዎቹ ሲዘገዩም በዓይኑና በእጁ ያጣድፋቸው ነበር። ታዲያ ይኼ «የተታለለ ሽማግሌ» የሚባለው ነው?

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ወታደሩ አጉረመረመ፣ ሙስጠፋን አለቀሰ። ሱልጣኑ ምን አደረገ? ዋና ሚኒስትሩን ሩስተም ፓሻን ከሥልጣን አነሣው። ሕዝቡም «እንኳን! ጥፋተኛው ተባረረ» አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1555፣ በሩስተም ወንበር የተተካው ካራ አሕመድ ፓሻ ተገደለና ሩስተም ተመልሶ ቁጭ አለ! ጎበዝ፣ ይኼን ጨዋታ አላወቃችሁትም? አገር ሲቆጣ አንዱን ሹም ያወርዱታል፤ አገር ሲረሳ በሌላ ደብዳቤ ይሾሙታል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተፈለሰፈ ሹም ሽር ነው። የባለቤትነት መብት የሚጠየቅበት ቢሆን ኖሮ ስንቱ መንግሥት ለሱሌይማን ወራሾች ግብር ይከፍል ነበር!

ከሙስጠፋ በፊት ኢብራሂም ፓሻ ነበር። የሱልጣኑ የልብ ወዳጅ፣ አብሮት ያደረ፣ አብሮት የበላ፣ ከእ.ኤ.አ. 1523 ጀምሮ ዋና ሚኒስትሩ። በመጋቢት 1536 እራት ጋብዞ አሳደረውና በሌሊት አሳነቀው። እዚህም ላይ የተመልካቹ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሁረም ነው።

አሁን ደግሞ ለዘመዴ ያቀረብኩላትን፣ መልስ ያጣችበትን ማስረጃ ልንገራችሁ። ሁረም የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1558 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1561፣ ሱሌይማን ሌላውን ልጁን ባየዚድን አስገደለ። ባየዚድ ወደ ፋርስ ሸሽቶ ነበር፤ አባትየው ለፋርሱ ሻህ ወርቅ ከፍሎ፣ ልጁን ከነልጆቹ፣ ማለትም ከገዛ የልጅ ልጆቹ ጋር፣ አሳነቃቸው። ባየዚድ የማን ልጅ ነው? የሁረም! የሞተች ሴት ከመቃብር ተነሥታ የወለደችውን አስገደለች ልትሉኝ ነው? ድራማው ራሱ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል፤ ተመልካቹ ግን አሁንም «ምስኪን ሱልጣን» እያለ ከንፈሩን ይመጣል።

እርግጥ ነው፣ ሁረም ቅድስት አይደለችም። ድራማው ውስጥ ስታሤር፣ ስታስመርዝ አይተናል። ግን እሷም ስሌት ነበራት። በዚያ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ዙፋን የያዘ ልዑል ወንድሞቹን ያጠፋል። ሙስጠፋ ከነገሠ የእሷ ልጆች አለቁ። ይህን ሥርዓት ያወጣችው እሷ አይደለችም፤ በባርነት ተሽጣ የመጣች ልጅ ናት። የጠነሰሰች ከሆነ በጥንስሷ ትጠየቅ። የወሰነ ደግሞ በውሳኔው ይጠየቅ። እኔ የምለው ይኼንኑ ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለኝም።

«ፈርቶ ነው እኮ!» የሚሉኝ አሉ። ትልቁ ልጅ ይህን አንሥቶ ተከራክሮኛል፤ ክርክሩም ጥሩ ነበር። የሱሌይማን አባት ሰሊም የገዛ አባቱን እ.ኤ.አ. በ1512 ከዙፋን አውርዶ ነው የነገሠው። ያንን እያወቀ ያደገ ሱልጣን፣ ወታደር የሚወደውን ልጅ ቢፈራ ምን ይገርማል? አይገርምም። ግን ልብ በሉ! ፍርሃቱ የራሱ ከሆነ፣ ስሌቱ የራሱ ከሆነ፣ ትእዛዙ የራሱ ከሆነ፣ ሁረም እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት? ወይ ተታሏል በሉኝ፣ ወይ ለዙፋኑ ብሎ አስቦበት ነው በሉኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ማለት ለሱልጣኑ ሁለት ጠበቃ ማቆም ነው።

የሙስጠፋም ጥፋት አለ። ይህን ስል ዘመዴ «በሞተ ሰው ላይ!» ብላ ተቆጣችኝ። ግን እውነቱን እንነጋገር። «አትሂድ» ተባለ፤ «አባቴ ይኼን አያደርግም፤ ክፉዎቹ ሌሎቹ ናቸው፤ ፊቱ ቀርቤ ባስረዳው ይገባዋል» ብሎ ሄደ። እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የምንለውን እሱም ብሎ ነበር ማለት ነው! ልዩነቱ እኛ ቡና እየጠጣን ማለታችን፣ እሱ ግን ድንኳን ገብቶበት መሞቱ ነው።

የቱርክ ንጉሥ ምናችን ነው?

«ጋዜጣ ገዝቼ የቱርክ ተረት ላነብ ነው ወይ?» የምትል አንባቢ ሆይ፣ ታገሠኝ። በመጀመሪያ ሱሌይማን የምታስበውን ያህል ሩቅ አይደለም። ግራኝ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የአፄ ልብነ ድንግልን ጦር የፈታው ከዚህ ከሶደሬ ብዙም በማይርቀው በሞጆ አካባቢ ነው። በኋላ ፖርቱጋሎች ሲመጡበት፣ በ1542፣ ከየመን ከዘቢድ 900 ያህል ነፍጠኛና መድፍ የላኩለት የዚሁ የሱሌይማን ሹሞች ናቸው። በ1557 ምጽዋን የያዘው ጦርም የሱሌይማን ነው። ሱልጣኑ ከድራማው በፊት ቤታችን ገብቶ ነበር!

ግን ዋናው ጉዳዬ ይኼ አይደለም። ዋናው ጉዳዬ በዚያ ሳሎን የተሰጠው ፍርድ የቱርክ አለመሆኑ ነው። ጥርት ያለ የአገራችን ፍርድ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያልነው እኛ ነን። ንጉሥ ካልተከሰሰ ደግሞ ለጥፋቱ ሌላ ተከሳሽ መፈለጉ አይቀርም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይኼ ነው።

አፄ ቴዎድሮስን እንመልከት። ስለ ጭካኔያቸው ሲነሣ «እቴጌ ተዋበች ከሞቱባቸው ወዲህ ነው ጸባያቸው የተለወጠው» እንላለን። ተዋበች ያረፉት በ1850 ዓ.ም. ነው። መቅደላ ላይ እስረኞች ወደ ገደል የተወረወሩት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? ስለ ጀግንነታቸው ስንናገር «ተዋበች ነች ያደረገችው» አንልም፤ ያ የራሳቸው ነው። ገደሉ ግን የሟች ሚስት ዕዳ ሆነ!

እቴጌ ጣይቱስ? ምኒልክ «እምዬ» ናቸው፤ ጣይቱ ግን «ተንኮለኛ፣ ዘመድ ሿሚ» ናቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ተሰብስበው «ከመንግሥት ሥራ እጅሽን አንሺ፣ ባልሽን አስታሚ» ብለው አስወገዷቸው። ለመሆኑ ያ ሁሉ ሹመትና ጋብቻ ባልየው ጤነኛ ሳሉ በማን ማኅተም ነበር የሚጸድቀው? በእቴጌይቱ የግል ማኅተም ብቻ ነው ወይ?

ከሶደሬ አዋሽን ተሻገሩ፤ አርሲ ናችሁ። በ1870ዎቹ ዓ.ም. በተደጋጋሚ ዘመቻ የፈሰሰውን ደም የዚያ አገር ሰው አልረሳውም። ስለዚህ ሲነሣ የምኒልክ ወዳጅ ምን ይላል? «ያዘመተው ራስ ዳርጌ ነው» ይላል። ራስ ዳርጌ የዘመቻው መሪ መሆናቸው እውነት ነው። ግን ራስ ዳርጌ ለሽርሽር አልወጡም፤ የተላኩ ናቸው። አድዋን ለንጉሡ ሰጥቶ አርሲን ለአጎታቸው መስጠት ሚዛን አይደለም። ምኒልክን የሚጠላውም ቢሆን ይኸው ሚዛን ይጠብቀዋል፤ አርሲን ጽፎ አድዋን መፋቅ አይችልም። ሰውየው አንድ ነው፣ ማኅተሙም አንድ ነው።

«ጃንሆይ አልሰሙም!»

እዚህ ላይ ስደርስ ጡረተኛው ጎረቤት ሲኒያቸውን አስቀመጡ። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። «በ66 በወሎ በኩል እንመላለስ ነበር» አሉ። «መንገድ ዳር ሰው ተቀምጦ ያልቅ ነበር። አንድ ቀን ሹፌሩን ‹ጃንሆይ ይኼን ሰምተው ይሆን?› አልኩት። ‹አልሰሙማ! ቢሰሙ ዝም ይላሉ? ሚኒስትሮቹ ደብቀዋቸው ነው› አለኝ። እኔም አመንኩ። አሁን ሳስበው እኛ የናፍጣ መኪና ላይ ሆነን ያየነውን ንጉሥ እንዴት ነው የማያየው?»

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? የወሎን ረኃብ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ለዓለም አሳየው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ወሎ የወረዱት ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር 1966 ዓ.ም. ነው። ደርግ ደግሞ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ሥዕል ጋር እያፈራረቀ ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ቴሌቪዥናችን የንጉሥን ቤት ገልጦ ያሳየበት የመጀመሪያው ትልቅ «ድራማ» ይኼ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ደራሲው ግን ወታደር ነበር፤ ቀጣዩን ክፍል የጻፈውም በደም ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩባቸው። ማን አዘዘ? «ደርግ ተሰብስቦ እጅ አውጥቶ ነው» ተባለ። ንጉሡስ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ሲባል ማን አዘዘ? ዝም! አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ ሲሄድ ማላከኛውም ይሄዳል ብለን ነበር። አልሄደም! ሁረም «ኮሚቴ» የሚል ስም አወጣች እንጂ።

ኢሕአዴግ ሲመጣ ስሟን እንደገና ለወጠች። «አመራሩ ጤናማ ነው፤ ችግሩ የአፈጻጸም ነው» መባል መጣ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የመዲናዪቱን የጸጥታ ኃይሎች በቀጥታ በእዛቸው ሥር ማድረጋቸውን በራሳቸው አፍ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሰኔና በተከታዩ ጥቅምት ጥይት ተተኮሰ። የአጣሪው ኮሚሽን አባላት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጡ፤ ከአገር የወጡትም የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ መሆኑን ገልጠው ተናገሩ። ያን ጊዜ በየሻይ ቤቱ ምን ይባል ነበር? «እሱ አላዘዘም፤ እነ እንቶኔ ናቸው።»

ልደብቅ አልፈልግም፤ እኔም ብያለሁ። አንድ ጎረቤቴ ልጇ ታፍሶ ደብዛው ጠፍቶባት ስታለቅስ «የበታች ሹሞች ናቸው እንጂ ላይ ያሉት ይኼን አያውቁም፤ ቢያውቁ ይፈታ ነበር» ብዬ አጽናናኋት። ማጽናናቴ ነበር። ሴትዮዋ በእኔ ምክር ማመልከቻ አጽፋ በየደጃፉ ስትዞር ከረመች። ልጁ ተመለሰ፤ የእናትየው ጉልበት ግን አልተመለሰም። እንግዲህ «አያውቁም» የሚባለው ቃል ለገዢው ጠበቃ፣ ለተገዢው ደግሞ ማደንዘዣ መሆኑን የተማርኩት ያኔ ነው።

ዛሬስ? ዛሬ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ስንት ጊዜ ሰማችሁ? «ሰውየውማ ደህና ነበር፤ በዙሪያው የከበቡት ናቸው እንጂ!» በዙሪያው የከበቡትን ማን ሾማቸው? ከሰማይ ወረዱ? ገዢዎችም ይህን ማላከኛ ይወዱታል። ኤርዶጋን የቱርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012፣ ይህንኑ ድራማ በአደባባይ አወገዙት። ቅሬታቸው ሠላሳ ዓመት ፈረስ ላይ ያሳለፈው ሱልጣን በእልፍኝ ተቀምጦ ታየ የሚል ነበር። የታነቁት ልጆችስ? ስለ እነሱ ቅሬታ አልሰማንም።

የአገራችን ደራስያንም ይስሙኝ። በመድረክ ቴዎድሮስንም ጣይቱንም አሳይታችሁናል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንና ጌትነት እንየው የደከሙበት ሜዳ ነው። ነገ የቤተ መንግሥታችንን ታሪክ በተከታታይ ለቴሌቪዥን ስትሠሩ አንድ ነገር አደራ! ተንኮለኛ ሚስት፣ ምቀኛ ሚኒስትር፣ ክፉ አማካሪ ስትፈጥሩልን፣ ንጉሡ ማኅተሙን የሚያሳርፍበትን ትዕይንት አትዝለሉት። መብራቱን እጁ ላይ አብሩልን። ከዚያ የፈለገ ይዘንለት።

የመጨረሻው ማታ ልጅቷ ድራማውን ሳትከፍት ተቀምጣ ቆየችና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?» አለችኝ። ቤይሩት አንድ ቤት ስትሠራ የስምንት ወር ደሞዟን አልከፈሏትም። «ማዳሟ ‹ሚስተር አልሰጠኝም› ትለኛለች። እሱ ደግሞ ፈገግ እያለ ያልፈኛል፤ አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። እኔ ሌት ተቀን የምረግመው ማዳሟን ነበር። እሱን ‹ደግ ሰው ነው፣ ሚስቱ ናት የምታስከለክለው› እል ነበር። ገንዘቡ ግን በእሱ ኪስ ነበር፣ ፓስፖርቴም በእሱ መሳቢያ።» ትንሽ ዝም አለችና «አንድ ቀን እንኳን ስሙን ጠርቼ አልረገምኩትም» አለች።

ዘመዴ ልጇን አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ቢሆንም ሁረምን አልወዳትም!» አለችኝ።

አትውደጂያት እህቴ። እኔም አልወዳትም። ሁረምን መጥላት መብታችን ነው፤ ግብር የለውም። ሙስጠፋን ያሳነቀውን ሰው ስም ስንጠራ ግን «ግን» አንበል።

ቸር ይግጠመን!